የዛርጉን ጥያቄ

በጎርዳ መንግሥት ላይ ደም የመሰለች ፀሐይ በወጣችበት ማለዳ፣ የካፎር ተራራ ጭስ ተፋ። በዋሻው ውስጥ ለዘመናት ያንቀላፋው ዘንዶ፣ ዛርጉን፣ መንቃቱ ነበር። ያስተኛው በቲምራ ሕዝብ ቋንቋ፣ በቲምርኛ፣ የተገባለት ቃል ኪዳን ነው፤ ኪዳኑም በወጣት አንደበት እንዲታደስ ያዛል። ቲምርኛ አጥርተው የሚናገሩት ግን በመላ አገሩ አንድ ሽማግሌ፣ ኦልማይ፣ ብቻ ነበሩ። የቲምራ ልጆች በገበያም በፍርድ አደባባይም የሚያስከብራቸው ጎርድኛ መሆኑን ካወቁ ቆይተዋል።

የልጅ ልጃቸው ሲራንቴም እንደዚያው ነበረች። በቲምርኛ ሲጠሯት ሰው እንዳይሰማባት በጎርድኛ ትመልስላቸው ነበር። ንጉሡ ወደ ካፎር የሚወጣ ቲምራ ሲያፈላልጉ ግን፣ ከእሷ በቀር አያቷን የሚከተል ወጣት አልተገኘም። ቤርጋል የተባለ የጎርዳ ጦረኛም ጋሻው ሳይወድቅ እነሱ እንዳይወድቁ ምሎ አብሯቸው ተነሣ።

ሰባት ቀን ተጓዙ። ቤርጋል ሽማግሌውን አዝሎ ገደሉን ሲወጣ፣ ሲራንቴ ከኋላ ቃል ኪዳኑን ትሸመድድ ነበር። ከዋሻው አፍ ደርሳ አንዲት ቃል ሳታዛንፍ አወረደችው።

ዛርጉን የነሐስ ቅርፊቱን እያንኳኳ ራሱን ቀና አደረገና በቲምርኛ አንድ ነገር ጠየቃት። አልገባትም። ዝም ብትለው እሳት ተፋ፤ ቤርጋል ፊቷ ተደንቅሮ ጋሻው ከነግራ ክንዱ ነደደ።

ያን ጊዜ ኦልማይ ወደ ዘንዶው ቀርበው መለሱለት። ሲያወሩት ዐይኑ ይከደናል፤ ዝም ሲሉ ይገለጣል።

«ምን ብሎ ነው የጠየቀኝ፣ አባባ?»

«‹ወዴት ሄዳችሁ ነው ብቻዬን የተዋችሁኝ?› አለሽ። የሚተኛው የሚያወራው ሲያገኝ ነው። እኔ እዚሁ እቀራለሁ።»

«እኔ ልቅር እንጂ!»

«በምን ቋንቋ፣ ልጄ?»

የምታውቀውን ለልጆች እንድታስተምር፣ የማታውቀውን እየወጣች እንድትጠይቃቸው ነግረው አሰናበቷት።

አገሩ ዳነ። ሲራንቴ ከቤርጋል ጋር በየወሩ ስንቅ ይዛ እየወጣች፣ ሲያርሟት እየዋለች ትመለስ ነበር። በአራተኛው ዓመት ስትደርስ የአያቷ ድምፅ ሰልሏል፤ ዛርጉንም ዐይኑን ገልጧል። አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ዝናብ ስላጠገበው የጤፍ ማሳና ቤርጋል በአንድ እጁ ሊያጭድ ሲታገል ስላሳቃቸው ሰዎች በቲምርኛ ታወራለት ጀመር። የዘንዶው ዐይን ቀስ ብሎ ተከደነ።

ኦልማይ እስከ መጨረሻው አዳመጧት፤ አንድ ጊዜም አላረሟትም።