ከቀኝ ጀምሮ

በግብጿ መሐላ አል-ኩብራ ከተማ ውስጥ የጥጥ ብናኝ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ሻይ ውስጥ ይገባል፣ ቅንድብ ላይ ያርፋል፣ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባማ አልወጣም ይላል። ኢሃብም ጉድ የሠራው ይህንኑ ብናኝ ላጽዳ ብሎ ነው።

ኢሃብ ከእናቱ ከሐጃ ነጃት ጋር አንዲት ትንሽ የፎጣ መሸመኛ ቤት ነበረችው። የፎጣዎቹን ንድፍ የሚሥሉት እናቱ ናቸው። የሃያ ዓመት ልፋታቸው ጥግ ላይ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል፤ ዛሬ ግን ዓይናቸው ደክሟል፣ አንዲት ጽጌረዳ እንኳ ደግመው መሣል አይችሉም። የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስኮች ደግሞ አራት ናቸው። ሬይድ በሚሉት አሠራር ተያይዘው እያንዳንዱን ሥዕል ቆራርጠው ይካፈሉታል፤ ተራቸው ከተዛባ አንድም ሙሉ ነገር አይወጣቸውም።

ኢሃብ አራቱንም አወጣ፣ አራገፈ፣ መለሰ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሲስተም አላገኘሁም አለና ዲስኮቹን እንደ አዲስ ላዘጋጃቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከጎረቤት ከተማ ከጣንታ የመጣ አንድ ጠጋኝ «አዎ በለውና ተገላገል» ብሎ መከረው። ጣቱ ቁልፉ ላይ ሊያርፍ ሲል ሐጃ ነጃት እጁን ያዙት። እንኳንም ያዙት፣ አዎ ቢል ሁሉም ነገር ይጠፋ ነበር።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ሰፈር ውስጥ ካለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አንዲት ወጣት መጣች። ሩዋይዳ ትባላለች፤ ሱቁ የአጎቷ ነው።

«እዚያ ሱቅ ወንድ የለም እንዴ?» አሉ ሐጃ ነጃት ገና በሩ ላይ ሲያዩዋት።

«አለ» አለች ሩዋይዳ ቦርሳዋን እያስቀመጠች። «ሲቸግረው የሚጠራው እኔን ነው።»

ኢሃብ ሳቁን ዋጠ። ሲውጥ አየችው፤ እንዳላየች ሆነች።

የሥዕሎቹ ቅጂ ሌላ ቦታ እንዳለ ጠየቀችው። አራት ዲስክ እያለ ቅጂ ምን ያደርጋል ብሎ እንደተወው ነገራት። ሩዋይዳ ቀና ብላ አየችው፣ እሱም ጆሮው ድረስ ቀላ። ዲስኮቹን ሲመልስ ተራቸው ተቀላቅሎበት እንደሆነ ስትጠይቀው ግን ደረቱን ነፋ አደረገ። ሳያወጣቸው በፊት በየጀርባቸው ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ጽፏል፤ የመለሳቸውም ሳጥኑ ላይ የታተመውን ቁጥር እየተከተለ ነው። አየች፤ እውነቱን ነው፣ ቁጥሩ ከቁጥር ገጥሟል። ስለዚህ የተራውን ነገር ከልቧ አወጣችው።

ከዚያ ቅንብሩን የምትጠብቀውን ትንሿን ባትሪ ቀየረች፣ ቅንብሩን አስተካከለች፣ ገመዶቹን ለወጠች። ወይ ፍንክች! ዲስኮቹን ራሳቸውን ከመነካካቷ በፊት ግን እያንዳንዱን ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነበረባት፤ አንዱ ብቻውን አንድ ቀን ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ቅጂ ራሱን ችሎ ይሄዳል፣ ሰው አጠገቡ ቁጭ ይበል የሚል ሕግ የለም። እሷ ግን ቁጭ አለች።

ኢሃብ የሸንኮራ ጭማቂ ያመጣላታል። የመሸመኛዎቹ ጩኸት ጆሮ ስለሚያደነቁር ለመደማመጥ መጠጋጋት ግድ ነበር። ክር ተበጥሶ መሸመኛው ድንገት ቀጥ ሲል ሁለቱም ምን ያህል እንደተጠጋጉ ያዩና ወሬው አፋቸው ላይ ይቀራል። ሰኞ ዕለት ስለ ቀድሞ እጮኛዋ ነገረችው፤ ከሠርጉ በኋላ የመፍቻ ቦርሳሽን ትዘጊያለሽ ስላላት ቀለበቱን መልሳለት ነበር። ማክሰኞ ስትመጣ ኢሃብ መስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ ወልውሎ፣ መብራት ተክሎበት፣ ለመፍቻዎቿ ጨርቅ አንጥፎ ጠበቃት። ልቧ ያን ጊዜ ሄደ።

በዚያው ቀን፣ አራተኛው ቅጂ እንዳለቀ፣ ኢሃብ አንድ ፎጣ ዘርግቶ ለሸማኔው የቀለሙን ተራ ያነብለት ጀመር። መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ነጭ ይላል። ሩዋይዳ ከግራ ጠርዝ ስታይ ቡናማ ነው።

«መጀመሪያው የትኛው ነው?» አለችው።

«ይሄ ነዋ» አለና የቀኙን ጠርዝ አሳያት። «ሰው ከቀኝ ካልጀመረ ከየት ይጀምራል?»

በቃ፣ ገባት። ዕድሜውን ሁሉ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ የጻፈ ሰው ዲስኮቹንም ከቀኝ ቆጥሯቸዋል። ሳጥኑ ደግሞ የሚቆጥረው ከግራ ነው። አራቱም ተገልብጠው ነው የተመለሱት!

ለማስተካከል አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን እዚህ ቤት ምን ሥራ አላት?

«ነገ የምሞክረው ነገር አለ» አለች፣ ቦርሳዋን አንሥታም ወጣች።

ረቡዕ ስትመጣ ሐጃ ነጃት ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጠው በእርሳስ ጽጌረዳ ሊሥሉ ይታገላሉ። መስመሩ በመስመር ላይ ይወጣል፣ ቅጠሉ ከግንዱ አይገናኝም። ወረቀቱ በእንባ ርሷል። ሩዋይዳ የቅጂዎቹን ተራ ገልብጣ ሳጥኑ ውስጥ ደረደረቻቸውና ማብሪያውን ተጫነች።

ሲስተሙ ተነሣ። የሃያ ዓመቱ አበባ፣ ወፍ፣ ዘንባባ በየረድፉ ብቅ አለ። ሐጃ ነጃት አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሷቸው፣ ዞረውም የሩዋይዳን ግንባር ሳሙ። መሳሙ ጸጸቷን አባሰባት።

«ትናንት ነው ያወቅሁት» አለችው ለኢሃብ። «ፎጣውን ሲያሳዩኝ። እናትዎን አንድ ቀን ሙሉ በከንቱ ያስለቀስኳቸው እኔ ነኝ።»

«ለምን እንዲህ አደረጉ?»

«ከተሠራ ወዲያ የምመጣበት ምክንያት የለኝማ።»

ኢሃብ ሄዶ መሸመኛዎቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው። ሸማኔዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። ሩዋይዳ ሊያባርረኝ ነው ብላ መፍቻዎቿን መልቀም ጀመረች። ተመልሶ ፊት ለፊቷ ቆመ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድም ቀን አንቺ ብሏት አያውቅም።

«ታዲያ ለምን አንድ ቀን ብቻ አዘገየሽው?» አላት።

ሩዋይዳ የለቀመቻቸውን መፍቻዎች መልሳ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች። ጸጥ ባለው ቤት ውስጥ ሁሉንም የሰሙት ሐጃ ነጃት ዓይናቸውን ከጽጌረዳቸው ሳያነሡ ጠየቋት።

«ልጄ፣ አጎትሽ ነገ ከሰዓት ቤት ይኖራሉ? ኢሃብን ይዤ ለቁም ነገር ልመጣ ነው።»

«ይኖራሉ» አለች ሩዋይዳ። «ሊወጡ ቢሉም አስቀራቸዋለሁ።»