የሙሽራው ልጓም

የሙሽራዋ ሚዜዎች በሩን ዘግተው ይዘፍናሉ። ማርስ ላይ አየር ቢያጥርም ሰርገኛን በር ላይ ማስለመን አልቀረም። ሙሽራው ይትባረክ ግን አበባውን እንደያዘ ከውጭ ቆሞ ያዛጋል።

ሙሽራዋ ስምረት በበሩ መስታወት አጮልቃ አየችው። የእጁ መብራት ሰማያዊ ነው፤ ፍጹም እርጋታ።

«ሊያገባኝ ነው የመጣው ወይስ ታክሲ እየጠበቀ? እንዲህ ከሆነስ በሩ የእውነት አይከፈትም!» አለች። ዘፈኑ ቆመ።

ከሰርገኛው መሀል የልጓም ጠጋኟ ትርሲት ተጠራች። ልጓም ከአንገት ቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ምስር የሚያህል መሣሪያ ነው፤ መሥራቱን የሚያሳየው እጅ ላይ ያለው መብራት ነው። ሰው ሲደነግጥ አንጎሉ በነርቭ በኩል ከኩላሊት በላይ ወዳሉት እጢዎች መልእክት ይልካል። እጢዎቹ አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ደም ውስጥ ይለቁታል፤ ልብም መጋለብ ትጀምራለች። የደነገጠ ሰው ደግሞ አየር ይፈጃል። ስለዚህ ልጓሙ መልእክቱን መንገድ ላይ ይይዘዋል።

ትርሲት መመርመሪያዋን የይትባረክ አንገት ላይ አሳረፈች። «ማነው እስከ መጨረሻው ያጠበቀው?»

የይትባረክ ሚዜ አቀረቀረ። «እንዳይንቀጠቀጥና እንዳያሳፍረን ብዬ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ሙሽራ ያልተንቀጠቀጠ ማን ይንቀጠቀጥ?» ልታላላው ሞከረች፤ ልጓሙ ነክሶ ቀርቷል። «ያለኝ አማራጭ ማጥፋት ነው፣ ልጄ። ጉልበትህ ቢከዳህ እኔን እንዳትወቅሰኝ።»

«ያጥፉልኝ» አለ ይትባረክ። «የሰርጌ ቀን መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የሌላ ሰው ሰርግ ላይ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ።»

መብራቱ ጠፋ። መጀመሪያ መዳፉን ላብ አጠመቀው፤ ከዚያ ልቡ ደረቱን መደብደብ ጀመረ፤ አበባው እጁ ላይ ረገፈ። «ስ... ስምረት!» ብሎ ሲጣራ ድምፁ ተሰበረ።

እልልታው ቀለጠ፤ በሩም ተከፈተ።

ትርሲት ተከትላ ገባች። «አዲስ ልጓም ይዣለሁ፣ ልግጠምልህ?»

ስምረት ቀድማ የይትባረክን አንገት በእጇ ሸፈነች። የቀሚሷ እጅጌ ሲሰበሰብ ትርሲት የሙሽራዋን መብራት አየች። ጨልሟል።

«የአንቺም ተበላሽቷል እንዴ?»

«አጥፍቼው ነው፣ እትዬ። ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን ስንቀጠቀጥ ዋልኩ» አለች ስምረት፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «አብሮኝ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር የጠበቅኩት።»

ትርሲት ዕድሜ ልኳን ሰውን ከድንጋጤ ስታድን የኖረች ይመስላት ነበር። ደስታም በዚያው መንገድ ወደ ልብ እንደሚገባ አላሰበችም። አዲሱን ልጓም ኪሷ ከተተችና ሁለቱ እንዳይወድቁ ወንበር ልታመጣላቸው ሮጠች።