በፓስፖርት ፎቶ አይሳቅም

ፎቶ አንሺው ከስቱዲዮው የእንጨት ደረጃ ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። የለበሰው ጥቁር ኮት የራሱ አልነበረም። ለፓስፖርት ፎቶ ያለ ኮት ለሚመጣ ደንበኛ የሚያውሰው፣ ሁልጊዜ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚውል ኮት ነው።

መርማሪዋ በርከክ ብላ ፊቱን አየችው። አፍንጫው ግራና ቀኝ የመነጽር ምልክት አለ፤ መነጽሩ ግን የለም፤ ደረጃውም ላይ ስባሪ አልወደቀም። ፎቅ ወጥታ፣ ደንበኞች ሊነሡ ሲሉ መነጽራቸውን በሚያስቀምጡበት ሳህን ላይ ታጥፎ አገኘችው። እሷም ቤት፣ አልጋው ራስጌ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያልተነካ መነጽር አለ። ዓይኗን ቶሎ ነቀለች።

«ልጁ ናት» አለ ፖሊሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጠዋት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ልውሰዳት?»

«ቆይ እስቲ።»

ልጅቷ ቁመቷም መልኳም ቁርጥ አባቷን ነበር።

«ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ውጭ አገር ትምህርት አግኝቻለሁ፤ ነገ የፓስፖርት ቀጠሮዬ ነው። ፎቶ አንሣኝ ስለው ‹ዛሬ አይሆንም፣ ማታ እንነጋገር› አለኝ። ከእንግዲህ ያንተ ፊርማ አያስፈልገኝም ብዬው ወጣሁ።» ከንፈሯን ነከሰች። «የመጨረሻ ቃሌ እሱ ሆነ።»

ፎቶ አጣቢው፣ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ረጅም ወጣት፣ ምሳ ወጥቶ እንደነበር ተናገረ።

«ኮቱን ለብሶት ያውቃል?» አለችው።

«ጋሼ? ኧረ በጭራሽ! ‹የስንቱን ላብ የጠጣ ኮት ነው፣ ብቻውን ተነሥቶ እንዳይሄድ በገመድ እሰረው› እያሉ ይቀልዱ ነበር።»

«ካሜራው ኋላ ያለው ሣጥንስ?»

«የሕፃናት ነው። ወንበሩ ላይ አድርገን እናስቀምጣቸዋለን። ግን ዛሬ ሕፃን አልተነሣም፤ ማን እዚያ ወሰደው?»

የሟቹ እህት ደቃቃ፣ አጭር ሴት ናት። የልጅቷ እናት ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የያዘችው፣ ልጅቷንም ያሳደገቻት እሷ ነበረች።

«ገበያ ነበርኩ። ወንድሜን ያየሁት ጠዋት ነው።»

«ከማን ጋር የነበረ ይመስልዎታል?»

«እኔ ምን አውቄ! ልጅቷን ጠይቂያት።»

ያሳደገቻትን ልጅ «ልጅቷ» ማለቷ መርማሪዋን ቆረቆራት።

ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ኮቱን የለበሰው፣ መነጽሩን ያወለቀው፣ ሊነሣ ነው» አለች። «የስንቱን የፓስፖርት ፎቶ ሲያነሣ ኖሮ፣ ዛሬ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እንግዲህ ያነሣው ሰው አለ። ካሜራው በረጅም ሰው ልክ የቆመ ነው። ሴት ልጁና ፎቶ አጣቢው ቢሆኑ ሣጥን ላይ መውጣት አያስፈልጋቸውም። ለማየት ሣጥን የሚያሻው ከመካከላችሁ አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ እህትየው ዞረች። ድምፅዋን ግን አላነሣችም። «ያለ መነጽሩ ደረጃውን እንደማያይ ያውቃሉ። ተከትሎዎት ነው የወጣው፣ አይደል?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«አብሬያት ልሄድ ነው አለኝ። እዚያ የቤት ኪራይ ተዋውሎ፣ ሥራ አፈላልጎ ጨርሷል። ለእሷ ማታ ሊያበስራት ነው። እኔስ? አልኩት። ‹አንቺ ቤቱን ትጠብቂያለሽ› አለኝ። ዘበኛ ነኝ? ጥዬው ወጣሁ። ደረጃው ላይ ደርሶ እጄን ያዘኝ፤ መነጨቅኩት። አልገፋሁትም! ጠራሁት፣ ጠራሁት... ዝም አለኝ። ፈራሁ።»

«እኔን ሲወስዱኝ ዝም ልትይ ነበር፣ እትዬ?» አለች ልጅቷ።

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

በመርማሪዋ ምልክት ፎቶ አጣቢው ካሜራውን ከፈተ። መጨረሻ ላይ ያለው ምስል ፎቶ አንሺው ነበር፤ በተውሶው ኮት፣ ያለ መነጽር፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ ጥርሱ እስኪታይ ስቋል። ወጣቱ የሚለው ጠፋበትና የለመደውን ተናገረ፦

«ይሄን አይቀበሉትም። በፓስፖርት ፎቶ አይሳቅም።»

ልጅቷ ምስሉ ላይ ጎንበስ አለች። ፖሊሱ አክስቷን በር ላይ አድርሷታል።

«እትዬ፣ ምን ብለሽው ነው እንዲህ የሳቀው?»

ሴትዮዋ ሳትዞር ቆመች።

«ሙሽራ መስለሃል አልኩት» አለች። «ለምን እንደሚነሣ ገና አልነገረኝም ነበር።»