የተስፋ ቡድኑ ግራ ክንፍ

በ1974 ዓ.ም. ፀዳለ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ታይፒስት ነበረች። ናዝሬት ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች፤ ቤተሰቦቿ ኩየራ ናቸው። እሁድ የምትጠይቀው ዘመድ ስላልነበራት የፋብሪካውን ተስፋ ቡድን ጨዋታ ማየት ጀመረች። ወደ ዋናው ቡድን ለማደግ የሚለፉ ልጆች ናቸው፤ ተመልካቻቸው ከሃያ አይበልጥም። ሰኞ ጠዋት ያየችውን በታይፕ ጽፋ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ትለጥፋለች። ማንም አላዘዛትም።

አንድ ማክሰኞ ረጅም ወጣት ቢሮዋ በር ላይ ቆመ። የግራ ክንፍ ተጫዋቹ ቀነዓ ነበር።

«ሁለት ያለቀላቸው ኳሶች አመከነ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«ውሸት ነው?»

«እውነት ነው። ግን እናቴ ዘንድሮ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ለመደች። ያለ ሰው እርዳታ መጀመሪያ ያነበበችው ይሄንን ነው።»

ፀዳለ ሳቋን ለመደበቅ አንገቷን ደፋች። ቀና ስትል እሱም እየሳቀ ነበር።

«እንግዲያው የፊታችን እሁድ አግባና ደስ የሚላትን እጽፋለሁ» አለችው።

በዚያ እሁድ አላገባም። በሚቀጥለው አገባ።

ከዚያ ወዲህ ከጨዋታ በኋላ በሸንኮራ አገዳው ዳር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይሸኛት ጀመር። ብዙም አያወሩም። አውቶቡሱ ሲመጣ፣ «ይሄ ሞልቷል፤ ሌላ ይመጣል» ይላታል። ግማሹ ባዶ ነው። ፀዳለም ቆማ ታሳልፈዋለች።

ነሐሴ ላይ አንድ የአዲስ አበባ ቡድን ከተስፋዎቹ አንድ ልጅ ፈለገ። አሰልጣኙ ጋሽ ገብረወልድ ፀዳለን ጠሯት።

«ከእኔ በላይ የተከታተልሻቸው አንቺ ነሽ። ማን እንደደረሰ ጻፊልኝ፤ እኔ እፈርማለሁ።»

ከሰዓቱን ሙሉ ታይፑ ፊት ተቀመጠች። ቀነዓን «ገና ነው» ብትለው የሚጠይቃት የለም፤ እሱም ይቀራል፣ እሁዷም ይቀርላታል። ግን ዓመቱን ሙሉ ሲሻሻል አይታዋለች። በቀኝ እግሩም መምታት ለምዷል፤ ኳስ ሲይዝ ቀና ብሎ ማየት ጀምሯል። «ለትልቅ ቡድን ደርሷል» ብላ ጻፈች።

መመረጡ እንደተነገረው መጣ።

«ምን ብለሽ ጻፍሽልኝ?»

«ያየሁትን።»

«ሌላ የምትይኝ ነገር የለም?»

«መልካም ዕድል» አለችው።

ትክ ብሎ አያት። በማግስቱ ሄደ።

ፀዳለ እሁድ እሁድ ሜዳ መሄዷን አልተወችም። ስለ አዲሱ ግራ ክንፍ ጻፈች፤ አውቶቡስም ብቻዋን ጠበቀች፤ የመጀመሪያው ሲመጣ ትሳፈራለች። ቤቷ ገብታ የኳስ ጨዋታ በራዲዮ ታዳምጣለች። ኅዳር ላይ የቀነዓን ስም ሁለት ጊዜ ሰማች። ከጥር ወዲህ አልሰማችውም። ደብዳቤም አልጻፈላትም።

ግንቦት ላይ እናቱ ወይዘሮ እልፍነሽ ደብዳቤ ይዘው ቢሮዋ መጡ።

«የእጅ ጽሑፉ ተያያዘብኝ፤ እስቲ አንብቢልኝ ልጄ።»

ፀዳለ ጮክ ብላ አነበበች። «እማዬ፣ ደህና ነኝ። ብዙ አልጫወትም። ፀዳለን ሰላም በያት አልልሽም፤ ሂድ ብላ የሸኘችኝ እሷ ናት።» እዚህ ላይ ድምጿ ተቆረጠ።

«ሂድ ብለሽው ነበር?» አሏት።

«አላልኩትም እማማ። አትሂድም አላልኩትም።»

በዚያው ሳምንት እሁድ ጨዋታውን ለማየት አዲስ አበባ ሄደች። ቀነዓ ዘጠናውን ደቂቃ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጨረሰ። ተጫዋቾች በሚወጡበት በር ጠበቀችው። ሲያያት ባለበት ቆመ።

«አልተጫወትኩም» አለ።

«አየሁ።»

«ዓመቱ ሲያልቅ ያሰናብቱኛል። በምን ፊቴ ወንጂ እመለሳለሁ?»

«ደርሷል ያልኩት ስለደረስክ ነው። ዛሬም ያንኑ እጽፋለሁ። ግን እንድትሄድብኝ አልፈልግም ነበር።»

«አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ለእኔ ብለህ ቀርተህ በኋላ እንዳትጠላኝ ፈራሁ።»

ሰዉ እየተጋፋ በመካከላቸው አለፈ። ቀነዓ መሬት መሬት ያያል።

«ብቻዬን መኖር ሰልችቶኛል፣ ቀነዓ» አለችው።

እስከ አውቶቡስ ተራው ሸኛት፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ምንም አልሰማችም። በሰባተኛው አንድ መስመር ደብዳቤ ደረሳት፦ «ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ናዝሬት ላይ ዝናብ ይጥል ነበር። ቀነዓ ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ ወረደ። ከፀዳለ በቀር ሊቀበለው የመጣ ሰው አልነበረም። ከማቆሚያው ጣሪያ ስር የተጠለሉ የፋብሪካ ሠራተኞች ግን አወቁት፤ እርስ በርስም ተንሾካሾኩ።

«ሰው ያየናል» አላት፣ ፊቱን እያዞረ።

«ይየን» አለችና ክንዱን ያዘችው።