ዳኘው ለምን አላለቀሰም

ኮሶ የጠጣ ሰው በሩን ዘግቶ ይውላል፤ ማንም ገብቶ አይረብሸውም። ስለዚህ የዳባቱ ገበሬ ቢራራ ጠዋት ኮሶውን ጠጥቶ ሲተኛ ነገሩን ልብ ያለ አልነበረም። አመሻሽ ላይ ሚስቱ ይታይሽ በሩን ብትከፍት ሞቶ አገኘችው።

ከጎንደር የተላከው መርማሪ የመቶ አለቃ ኪዳነ ማርያም ነበር። ፊት አይቶ ልብ ያውቃል ይባልለታል፤ እሱም መባሉን አይጠላውም። የጤና ረዳቱ ኮሶው ውስጥ መርዝ እንደተቀላቀለ ነገረው። ዱቄቱን የነኩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ከደባርቅ የላከው የአጎቱ ልጅ አቶ ሀብተ ሚካኤል፣ ጓዳ ያስቀመጠችው ይታይሽ፣ በጥብጦ ያጠጣው ታናሽ ወንድሙ ዳኘው።

ይታይሽ ፊቷን ነጭታ ድምጿ ተዘግቷል። ሀብተ ሚካኤል ደረቱን ሲደቃ ሸሚዙ ተቀዷል። ዳኘው ግን ዐይኑ ደረቅ ነው። ጭራሽ ወንድሙ ሲቀበር «ጉድጓዱ ጠሟል» ብሎ ቆፋሪዎቹን ሊያርም ሞክሯል። አገሩ ሁሉ ይህን ካየ ወዲህ ሌላ ገዳይ መፈለግ ትቷል።

«ወንድምህ ሲሞት ምን ተሰማህ?» አለው ኪዳነ ማርያም።

«እንጃ። ሆዴን አሞኛል። እህል አይወርድልኝም። የጤና ረዳቱ መድኃኒት ይኖረው ይሆን?»

የመቶ አለቃው ያላገጠበት መሰለውና በጥፊ አጮለው፤ አሳሰረውም። መጨረሻው ስቅላት እንደሚሆን የተጠራጠረ አልነበረም።

ሀብተ ሚካኤል በበኩሉ ከሟች ጋር በርስት መካሰሱን አልካደም፤ በሽማግሌ ታርቀን ነበር፣ ኮሶውንም የላክሁት ለዕርቁ ነው አለ። ዳኘው ሊጠራው የሄደ ዕለትም «ቢራራ ታሟልና ና» ብቻ ነበር ያለው።

«እኔ ግን እንደ ኀዘንተኛ ኩታዬን ዘቅዝቄ ነው ከቤቴ የወጣሁ» አለ እንባውን እየጠረገ።

«መሞቱን እንዴት አወቁ?»

«ከዳኘው ፊት።»

ይህን ያህል መውደድ የመቶ አለቃውን ልብ ነካው።

በማግስቱ እስረኛውን ወደ ጎንደር ሊወስድ ሲል የጸጸት ምልክት ፍለጋ ፊቱን ደግሞ አየው። እንደ ወትሮው ምንም የለም። ኪዳነ ማርያም ባለበት ቆመ፤ ከዚያም ሁሉም ለቅሶው ዳስ ውስጥ እንዲሰበሰቡ አዘዘ።

«አቶ ሰጠኝ፣ ስንት ሰው እያለ ሀብተ ሚካኤልን እንዲጠራ ለምን ዳኘውን ላካችሁ?» ሲል የሰፈሩን ሽማግሌ ጠየቀ።

«ሩቅ ያለ ዘመድ ታሟል ተብሎ ይመጣል፤ መርዶውን የሚሰማው ደጅ ሲደርስ ነው» አሉ ሽማግሌው። «የሌላው ፊት መንገድ ላይ ያሳብቃል። የሱ አያሳብቅም።»

መርማሪው ወደ ሀብተ ሚካኤል ዞረ። «ይህን ፊት አፍጥጬ መረመርሁት፤ ምንም ስላጣሁበት ነፍሰ ገዳይ አልሁት። እርስዎ ሞት አነበብሁበት ይሉኛል። ታሟል የተባለ ሰው መጠርጠሩ ያለ ነው። ነገር ግን በሕይወት ላለ ሰው ኩታ መዘቅዘቅ ሟርት ነው፤ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው አያደርገውም። ቢራራ መሞቱን ሳይነገረው የሚያውቅ ደግሞ መርዙን የላከ ብቻ ነው።»

«ያጠጣው እሱ አይደለም?»

«የላኩለትን በጠበጠ።»

ሀብተ ሚካኤል ዙሪያውን አየ። ቀና ብሎ የሚያየው ሲያጣ «የርስቱ ነገር አንገብግቦኝ ነው» አለና እጁን ለገመዱ ሰጠ።

የዳኘውን ገመድ ኪዳነ ማርያም ራሱ ፈታ። የመቶ አለቃው ጉንጭ ይቃጠላል። የደጋ ፀሐይ ነው ሊል ፈለገ፤ ዳሱ ውስጥ ግን ፀሐይ አልነበረም።

«ፊትዎ ቀላ። ተቆጡ?» አለው ዳኘው።

«የለም። ስለመታሁህ አፍሬ ነው።»

ዳኘው አሰበ። «እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ አለየውም። ይሄ ሆዴ... ቢራራ ከሞተ ወዲህ ነው የጀመረኝ። ኀዘን ይሆን?»

ያ ሁሉ ንግግር የሚያውቅ መርማሪ አንድ ቃል ብቻ ወጣው። «ነው።»

ይታይሽ ይህን ሰማች። ከተያዘ ጀምሮ ፊቷን አዙራበት ነበርና መጀመሪያ በነጠላዋ ተሸፈነች፤ ኋላ ግን «ና፣ እኔ ዘንድ ተቀመጥ። ወንድምህ እኮ ነው» ብላ ቦታ ለቀቀችለት። ለቀስተኞቹ የመቶ አለቃውንም እንዲቀመጥ ለመኑት። እሱ ግን ከኀዘንተኛው አጠገብ ለመቀመጥ ፊት አጥቶ ከዳሱ ወጣ።