አሩንዳቲን ያላየችው ሙሽራ

አዛውንቱ ካህንና የከዋክብት መምህር አቫዳኒ በብርሃን በዓሉ በዲፓቫሊ ማግስት ማለዳ ከሰገነታቸው ሥር፣ የግቢው ድንጋይ ላይ ወድቀው ተገኙ። ኢንስፔክተር ጃናኪ ስትደርስ የጎዳቫሪ ወንዝ ዳር ሰው ፍርዱን ጨርሶ ነበር፤ የገደለቻቸው ገደ ቢሷ ምራታቸው ላሊታ ናት። ጓዟም ተጠቅልሎ ደጃፍ ወጥቷል።

ላሊታ በሠርጓ ቀን አቫዳኒ ጣታቸውን ወደ ሰሜን ቀስረው የታማኟን ሚስት ኮከብ አሩንዳቲን ሲያሳዩአት፣ እንደ ሙሽራ ሁሉ «አየሁ» አላለችም። «የለችም» አለች። አሩንዳቲ የተሰወረችበት ሰው ሞት ቀርቦታል ይባላል፤ ባሏም ዓመት ሳይሞላ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ምስኪኗ የገዛ ጥላዋን ትፈራ ነበር።

አብሯቸው የሚኖረውን የሟቹን የወንድም ልጅ ኬሻቫን ጥያቄ አላስቸገረውም።

«ከእራት በኋላ ሰገነቱ ላይ አብረን ነበርን። አጎቴ ወደ ሰሜን አዩና ‹አሩንዳቲ ጠፋችብኝ፣ የዚች ልጅ ጦስ ደረሰብኝ› አሉ። በሩን ክፍት ትቼላቸው ወረድኩ። ተስፋ ቆርጠው ራሳቸውን ወርውረው ነው።»

የሟቹ ሚስት ባልቴቷ ሱንዳራማ ግን የሰገነቱን በር ጠዋት ከቤት ውስጥ በኩል ተቀርቅሮ እንዳገኙት ተናገሩ። ባላቸው እራት ላይ ቤቱን ለኬሻቫ ሳይሆን ለላሊታ እንደሚያወርሱ መናገራቸውንም አልደበቁም። ላሊታ ማታ የት ነበረች ሲባሉ ፊታቸውን አዞሩ።

ጃናኪ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበች።

«ኬሻቫ፣ አንተ አሩንዳቲን መቼ ነው ያየሃት?»

«በሠርጌ ቀን ነዋ! ማን የማያያት አለ?»

«በጠራራ ፀሐይ?»

ኬሻቫ ዓይኑን ወደ ግቢው መለሰ።

«በዚህ በካርቲካ ወር አሩንዳቲም ሰባቱ ጠቢባን የሚባሉት ከዋክብትም የሚወጡት ሊነጋ ሲል ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሰማይ ያስተማሩ ሰው በእራት ሰዓት አይፈልጓትም። ማታ የሚታዩት ክሪቲካ የሚባሉት ከዋክብት ናቸው፤ በሐሰት ታምተው የተባረሩት ስድስቱ የጠቢባን ሚስቶች። ንግግሩን የፈጠርከው አንተ ነህ። ደግሞም ሰገነት ላይ ያለ ሰው በሩን ከቤት ውስጥ ሊቀረቅር አይችልም። ቤቱ እንዳያመልጥህ ገፋሃቸው፤ ስትወርድ እንደ ልማድህ ቀረቀርከው።»

«እሷ ብትቀረቅረውስ?» አለ ኬሻቫ።

ሱንዳራማ ቀና አሉ። «እሷማ ከእራት ጀምሮ እስኪነጋ እግሬን ስታሽልኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ እማማ?»

«ልጄን የበላችብኝ መስሎኝ ነዋ። ትሂድልኝ ብዬ ነው።»

ኬሻቫ ተይዞ ሲወጣ ላሊታ ከግድግዳው አልተላቀቀችም።

«የኔም ሠርግ ቀትር ላይ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አባባ በቀን እንደማትታይ ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

ጃናኪ ወደ ሰገነቱ ቀና አለች። አቫዳኒ ያውቁ ነበር። ቤቱን ሊሰጧት ያሰቡትም ለዚሁ ይሆናል፤ እውነቱን መናገር ግን አልደፈሩም።

በረንዳው ላይ ከነበሩት ያገቡት ሁሉ አቀረቀሩ። ሱንዳራማ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ፣ ደጃፍ የወጣውን ጓዝ አነሡና ወደ ቤት ይዘውት ገቡ።

«እኔም አላየኋትም፣ ልጄ» አሉ። «አየሁ ያልኩት ፈርቼ ነው።»