በካርድ ብር ዋዜማ

ቶሌራ ሩዋንዳ ሰፈር ባለው ቢሮው ወለል ላይ በአፍ ጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ ላይ በከባድ ነገር ተመትቷል። ጠረጴዛው ላይ የማግስቱ ምረቃ ጥሪዎች ተከምረዋል። በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ቦሌን ጉድ ያሰኛል የተባለለት የቶሌራ አዲስ ሥራ ምረቃ ነበር፤ ሰው ብሩን በፕላስቲክ ካርድ አስሞልቶ ይይዛል፣ ባለሱቁ ካርዱን ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ይከታል፣ ሒሳቡ በስልክ መስመር ተቀንሶ ለባለሱቁ ይገባል። የወረቀት ብር ድራሹ ይጠፋል ተብሎ ሲወራ ከረመ። ድራሹ የጠፋው ግን ቶሌራ ሆነ።

በነጋታው መርማሪ አፀደ ስትደርስ ጉዳዩ አልቋል አሏት። ከታች ያለው ባለሱቅ ሙክታር በካቴና ታስሮ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሏል። ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ አለቃዋም ከቀትር በፊት በነፍስ ግድያ እንዲከሰስ ፈልገዋል። አፀደ ደግሞ «አልቋል» ሲሏት ደሟ የሚፈላ ሴት ናት።

«እገልሃለሁ ብለኸዋል አሉ» አለችው።

«ብያለሁ እትዬ፣ ንዴት ነው። ለሙከራ ብለው መሣሪያውን ሱቄ አስቀመጡ። ሰው በካርድ ዘይቱንም ስኳሩንም ወሰደ። ብሩ ከሰው ካርድ ላይ ተቀንሷል፣ እኔ ዘንድ ግን አልደረሰም። የት እንደገባ አላህ ይወቀው!»

«ቶሌራስ ምን መለሰልህ?»

«‹ልክ ነህ፣ ነገ አልከፍትም፤ ለነጋዴዎቹ ራሴ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ጨብጬው ወረድኩ። ይሄን ብናገር ማን ያምነኛል?»

አፀደ ልታምነውም ልታጣጥለውም አልቸኮለችም። ወደ ላይ ወጣች።

የሟቹ ሸሪክ ሄሊና ዓይኗ አብጦ መስኮቱ ሥር ቆማለች። «የእናቴን ቤት አስይዤ የገባሁበት ሥራ ነው» አለች። «ትናንት ደውሎ ‹ቶሎ ነይ፣ በስልክ የማይሆን የምነግርሽ ነገር አለ› አለኝ። ስደርስ ለቅሶ ጠበቀኝ።»

ሬሳውን ያገኘው የቶሌራ አብሮ አደግ አሌክስ ነው። የኤርፖርት የጥገና ሥራውን ጥሎ መጥቶ መሣሪያዎቹን ያቀናበረውም እሱ ነው።

«የድሮ የሥራ ባልደረቦቼን ለማየት ኤርፖርት ነበርኩ» አለ። «ከዚያ በታክሲ ቀጥታ ወደዚህ። ምሳ እንኳ አልበላሁም። ስገባ ወድቋል። ኮሌታውን በሁለት እጄ ይዤ ‹ቶሌ! ቶሌ!› እያልኩ ነቀነቅኩት፤ መልስ የለም።» እንባውን ጠረገ። «ምረቃው መቅረት የለበትም። ‹ሰማይ ቢደፋ እንከፍታለን› ብሎኝ ነበር።»

አፀደ ለምርመራ የተቀመጠውን የሟቹን ነጭ ሸሚዝ አየችው። ኮሌታው ተጨማዷል፤ ከኋላ ካለው ደም በቀር እድፍ የለበትም። ቀጥላ በኋላ ደረጃ ወደ ጓሮ ወረደች። በሰፈሩ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የጓሮው በርሜል ሥር ያለው አፈር ግን ገና ጭቃ ነው። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ትከሻዋ በርሜሉ ውስጥ ነከረች።

በሩ ላይ የተቀመጡትን ዘበኛ፣ አባባ ዱቤን፣ አናገረቻቸው።

«ሙክታር ከወረደ በኋላ ማን መጣ አባባ?»

«አሌክስ ነዋ፣ ከውጭ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰላም ሳይለኝ አያልፍም።»

«ጨበጠዎት?»

«ጎንበስ ብሎ የእጁን አንጓ ሰጠኝ እንጂ።»

አፀደ አመስግናቸው ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበች። ሙክታርንም ከነካቴናው አስመጣችው።

«አሌክስ፣ ለአባባ ዱቤ አንጓህን ለምን ሰጠሃቸው?»

አሌክስ ሳቅ ቃጣው። «በሰላምታም ይከሰሳል እንዴ? እጄ ግራሶ ነክቶት ነበራ፣ ኤርፖርት መኪና ስነካካ።»

«ሰው አንጓውን የሚሰጠው እጁ ምግብ ሲነካው፣ ሲቆሽሽ ወይም ሲረጥብ ነው። ምሳ አልበላሁም ብለሃል፤ ስለዚህ ምግቡ ይቅር። ግራሶ ከነበረ ደግሞ፣ በሁለት እጅህ ጨምድደህ የነቀነቅከው ኮሌታ ይኸው፣ ጠብታ ግራሶ የለበትም። የቀረው እርጥብ እጅ ነው። ከታክሲ የወረደ ሰው፣ ውሃ በሌለበት ሰፈር፣ እጁን ምን አራሰው?»

አፀደ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትልቅ መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከበርሜሉ ያወጣሁት ነው። አባባ ዱቤ ሳያዩህ በጓሮ በኩል ገብተህ ነበር፤ ከገደልከው በኋላም በዚያው በኋላ ደረጃ ወርደህ ታጠብክ፤ ገና የደረስክ ለመምሰል ዞረህ በፊት በር መጣህ። ለሽማግሌ እርጥብ እጅ መስጠት ነውር ነው ብለህ አንጓህን ዘረጋህ። አሳዳጊዎችህ አጋለጡህ።»

«ምን ብሎ ይገድለዋል?» አለች ሄሊና።

«ቶሌራ ሥራውን ሊያቆመው ነበር፤ ሙክታር የነገረን እውነት ነው። የምሥራች ቢሆን ላንቺ በስልክ ይነግርሽ ነበር። እንከፍታለን ብሏል የሚለው አሌክስ ብቻ ነው።»

አሌክስ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «አንድ ቀን ብቻ ለመንኩት፤ ‹ነጋዴ አላታልልም› አለኝ። እንጀራዬን ጥዬ ለመጣሁበት ነገር የሰው መሳቂያ ልሁን? ጀርባውን ሰጠኝ፤ መፍቻው እጄ ላይ ነበር።» ከሙክታር ሱቅ አንስቶት የነበረውን መሣሪያ ከቦርሳው አወጣ። «አሁን ይሠራል። የላላች ሽቦ ነበረች፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሞክሩት!»

ሄሊና የስልኩን መስመር ሰክታ ካርዷን ከተተች። መሣሪያው ጢጥ አለና ደረሰኝ ተፋ። ወደ ባንኩ ደውላ ጠየቀች፤ ብሩ ሙክታር ሒሳብ ውስጥ ገብቷል። ስልኩን እንደያዘች ተንሰቀሰቀች። ፖሊሶቹ አንገታቸውን አስግገው መሣሪያውን ያያሉ። «ይገርማል!» አለ አንዱ። አፀደ ለአንዲት ሽቦ ሲባል የጠፋውን ሕይወት አሰበችና አፏ መረራት።

ሙክታር የታሰሩ እጆቹን ከጭኑ ላይ ከፍ አደረገ።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔን የረሳችሁኝ መሰለኝ።»